የናዝሬት ዋስ

እኔ ማናዬ እባላለሁ። መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ሲወርዱ በግራ በኩል ያለችው ሱቅ የኔ ናት። ዘይት፣ ስኳር፣ ሳሙናና የሞባይል ካርድ እሸጣለሁ፤ የሰፈሩን ወሬ ደግሞ በነጻ ነው የማድለው። ማን ከማን እንደተጣላ፣ የማን ልጅ ማትሪክ እንዳለፈ፣ የማን ውሻ የማንን ዶሮ እንደበላ ጠይቁኝ። የዕቁብ ነገር ግን ከአፌ አይወጣም፤ የዕቁብ ዳኛ ነኛ!

ዕቁባችን በየሳምንቱ ነው የሚጣለው። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እዚሁ ሱቄ ውስጥ ዕጣ ይወጣል። ጸሐፊያችን ከድጃ ናት። ከሱቄ ፊት ለፊት የልጆች ልብስ ትሸጣለች፤ ደግ ሴት ናት፣ ደንብ ከተነሳ ግን ለወለደቻትም አትራራም። ደንቡን ያወጣነው አብረን ነው፤ ሲጠብቅ ግን እኔ እላላለሁ፣ እሷ ትከራለች።

ከደንባችን አንዱ የዋስ ነገር ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ብሩን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ይጠራል። ዋሱ አባል መሆን አለበት፣ የራሱ ዕጣ ገና ያልደረሰው፣ ለሌላ ሰውም ዋስ ያልሆነ። ተቀባዩ ብሩን በልቶ መጣሉን ቢያቆም ከዋሱ ድርሻ ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ እዚህ ሰፈር ዋስ የሚሆንህ ሰው በእውነት የሚያምንህ ሰው ነው።

አሁን ወደ ተናኘና ወደ ምትኩ ልምጣ። ከሱቄ ጀርባ ባለው ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ። እሷ ወረዳ መዝገብ ቤት ትሠራለች፤ እሱ ለቡ በሚሠሩት ሕንጻዎች ላይ ሴራሚክ ያነጥፋል። ማርቲ የምትባል ምላሷ የማያርፍ ልጅ አለቻቸው። ይዋደዳሉ፣ ሲሳሳቁ እስከ ሱቄ ይሰማል። የማይተማመኑት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፣ በብር።

ዕቁቡ ሊጀመር ሰሞን ተናኘ በጓሮ በር መጣች። እንዲያ ነጠላዋን ተከናንባ ስትገባ የሰው ዕቃ ይዛ የምትሸሽ ነው የምትመስለው።

«እትዬ ማናዬ፣ አንድ ዕጣ ይያዙልኝ። ምትኩ ግን እንዳይሰማ።»

«ምነው? ባልሽ አይደለም እንዴ?»

«እጁን አያውቁትም? ካፌ ከገባ የማያውቀውን ሰው ሒሳብ ሳይቀር ካልከፈልኩ ብሎ ይታገላል። ብር እንዳለኝ ከሰማ በሳምንቱ ለአንዱ የአጎት ልጅ ሠርግ ነው የሚሰጠው።»

እውነቷን ነው። ምትኩ «በሞቴ እኔ ልክፈል» ብሎ ሲታገል የሰው ሸሚዝ ቀዶ ያውቃል። የሸሚዙንም ከፍሏል። ባሏ በማያውቃት የሥራ ባልደረባዋ ስም፣ ናዝሬት ብለን መዘገብናትና ለባሏ እንዳልናገር በአቦ አስማለችኝ። ማልኩላት።

ሳምንት ሳይሞላ ምትኩ በጎን መስኮት አንገቱን አሰገገ።

«እትዬ ማናዬ፣ ዕቁብ ልገባ ነው። ተናኘ ግን እንዳትሰማ።»

«አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?»

«ቡፌውን አይተውታል?»

ቡፌውን ያላየ የለም። አንዱን ግድግዳ ሙሉ የያዘ ነው፤ ብርጭቆው፣ ሰሃኑ፣ የቴርሞሱ ዓይነት ተደርድሮ ያብረቀርቃል። እንግዳ ሲመጣ ግን በፕላስቲክ ኩባያ ነው የሚጠጣው። ብርጭቆዎቹ ከቦታቸው የሚነሱት ሲወለወሉ ብቻ ነው።

«ብር አገኘች ማለት ብርጭቆ ገዛች ማለት ነው» አለኝ። «አንድ ቀን እኛ ውጭ እናድራለን፣ ብርጭቆዎቹ ቤት ውስጥ።»

እሱም እውነቱን ነው። በሥራ ጓደኛው ስም፣ ሚሳኤል ብለን ጻፍነው። እሱም በአቦ አስማለኝ፣ ማልኩለት። ሲሄድ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ከድጃ ግን አልሳቀችም።

«ማናዬ፣ ወላሂ ይሄ ነገር ደስ አይልም» አለችኝ። «ባልና ሚስትን በሁለት ስም ጽፈን?»

«እኔ ምን ላድርግ? ምያለሁ» አልኳት።

እንዲህ ሆኖ ዕቁቡ ተጀመረ። ቅዳሜ ጠዋት ተናኘ በጓሮ በር የዕቁቧን ትጥላለች። ከሰዓት በኋላ ምትኩ ከሥራ ሲመለስ በጎን መስኮት የሱን ይጥላል። ሰኞ ሲመጣ ሁለቱም በዋናው በር እየገቡ ዘይቱን በዱቤ፣ ስኳሩን በዱቤ፣ የማርቲን ብስኩት ሳይቀር በዱቤ ይወስዳሉ። በጓሮና በጎን የሚያስገቡትን በዋናው በር ያስወጡታል። ሌላው ሰው በማባከን ባለዕዳ ይሆናል፣ እነዚህ ግን ባለዕዳ የሆኑት በመቆጠብ ነው። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ጭቅጭቃቸውንም እሰማ ነበር።

«ደሞዝህ ምን በላው?»

«ያንቺስ?»

«እኔማ ለቤት ነው የማወጣው!»

«እኔ ታዲያ ለጎረቤት ነው?»

እኔ የሁለቱንም ብር ታቅፌ ወዲህ ማዶ ቁጭ ብያለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። እየቆየ ግን ሳቁ ከሆዴ ጠፋ። አንድ ቀን ማርቲ ለእስክሪብቶ መጥታ «እትዬ፣ በዱቤ ይሁን፤ ለአባዬ ግን እንዳይነግሩት፣ እማዬም እንዳትሰማ» ስትለኝ ደነገጥኩ። በዚህ ዕድሜዋ መደበቅ ለምዳለች። እስክሪብቶውን በነጻ ሰጠኋትና ማታውን ሙሉ ተናደድኩ፣ በራሴም በነሱም።

ነገሩ የከረረው ግቢው ሲሸጥ ነው። ባለቤቶቹ ወራሾች ናቸው፣ ተስማምተው ሸጡትና ተከራዮቹ በወር መጨረሻ እንዲለቁ ተነገራቸው። ምትኩ ሴራሚክ ካነጠፈበት ሕንጻ አጠገብ፣ ለቡ፣ ጥሩ ቤት አገኘ። ውኃው አይጠፋም፣ ለማርቲ ትምህርት ቤትም ይቀርባል። አከራዩ ግን የስድስት ወር ቅድሚያ ካልተከፈለኝ አለ። ሕጉ ሌላ ይላል፣ አከራዩ ሌላ ይላል፤ ቤት የቸገረው ሰው ደግሞ የሚሰማው አከራዩን ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ተናኘ በጓሮ በር ገባች። ዓይኗ ቀልቷል።

«እትዬ ማናዬ፣ ምትኩ ከአራጣ አበዳሪ ሊበደር ነው። ሰኞ ሊፈርም ተቀጣጥረዋል። የሠርጌን ወርቅ በመያዣ ስጪኝ አለኝ።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ምን እለዋለሁ? አባቴ ደብረ ብርሃን የነበረንን ቤት ያጣው በአራጣ ነው። ትንሽ ብር ነበር የተበደረው። ወለዱ ወለዱን እየወለደ ቤቱን በላው። እናቴ ዕቃዋን አውጥታ መንገድ ላይ ስትቀመጥ አይቻለሁ።» እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «ያቺ ቡፌ ምንድን ናት ይሉኝ የለ? ከዚያን ጊዜ ወዲህ የራሴ የምለው ነገር በመስታወት ውስጥ ተቀምጦ ካላየሁት እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ይሄን አላውቅም ነበር። ስንት ጊዜ በዚያ ቡፌ ቀልጃለሁ።

«ዕጣዬን ያስቀድሙልኝ» አለችኝ።

ለተቸገረ ዕጣ ማስቀደም የኛም የሌላውም ዕቁብ ልማድ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ተራውን ይለቅለታል። ግን ችግረኛው እሁድ ዕለት አባላቱ ፊት ቆሞ ችግሩን መናገር አለበት። ይሄን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ።

«አባላቱ ፊት ከቆምኩ ምትኩ ይሰማል። ዓመት ሙሉ ስትዋሺኝ ኖረሻል ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ቤቱስ ይቅር፣ ትዳሬ ይበተናል እኮ!»

ወጣች። ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ ጎን መስኮቱ ተንኳኳ። ምትኩ ነበር። የሲሚንቶ አቧራ እስከ ቅንድቡ ድረስ ለብሷል።

«እትዬ ማናዬ፣ ጉድ ሆንኩልዎ። ዕጣዬን ያስቀድሙልኝ።»

«አባላቱ ፊት ቆመህ ጠይቃ!»

«ተናኘ ከሰማችማ አለቀልኝ። አራጣ የሚለውን ቃል ሳነሳባት ልትሞት ነበር። ዓመት ሙሉ ብር ደብቄ፣ ዛሬ ወርቅሽን አምጪ እንዳልኳት ብታውቅ ዓይኔን አታይም።»

«ታዲያ ንገራት! ሂድና አሁኑኑ ንገራት! አንድ አልጋ ላይ እየተኛችሁ እኔ ነኝ የማስታርቃችሁ?» ብዬ ጮህኩበት። መስኮቱን በፊቱ ዘጋሁ። ዘይት ሊገዛ የቆመ ሰው ደንግጦ ዘይቱን ትቶ ሄደ።

እሁድ ደረሰ። እንደ ልማዳችን ዕጣውን የሚያወጣው ከእኛ ውስጥ ያልሆነ ሰው ነው። ጨው ልትገዛ የመጣች የማናውቃት ሴት ስሞቻችን ያሉበት ጆግ ውስጥ እጇን ከታ አንዱን ጥቅልል ወረቀት አወጣች። ከድጃ ዘረጋችው። የራሷ ስም ነበር።

አባላቱ እንኳን ደስ ያለሽ ብለው ተበተኑ። እኔ ብቻ ደስ ያለሽ ሳልላት ባንኮኒዬን መወልወል ጀመርኩ።

«ምን ሆነሻል?» አለችኝ ከድጃ። «ቅር አለሽ እንዴ?»

«ከድጃ፣ ተራሽን ለናዝሬት ልቀቂላት። ችግሯን ግን አትጠይቂኝ።»

ከድጃ አየችኝ። እሷም ጆሮ አላት፣ የግቢውን መሸጥ ሰምታለች፣ የአራጣውንም ነገር ሳትሰማ አልቀረችም። ለዒድ ዕቃ ልታስመጣበት የቋመጠችለት ብር ነበር። ጥቂት አሰበችና በረጅሙ ተነፈሰች።

«እሺ ትውሰድ። ተራው የኔ ነው፣ ለማንም እሰጠዋለሁ። ዋስ ግን ታመጣለች። በዋስ ነገር ለአንቺም አልመለስ።»

ዕጣ ያልደረሳቸውን አንድ በአንድ ቆጠርናቸው። ማኑሄ ለወንድሙ ዋስ ሆኗል። መዝገቡ የሚባለው አባል ለጎረቤቱ ሆኗል። ሌሎቹም እንደዚያው። ከድጃ ራሷ ለሀኒፋ ሆናለች። የኔ ዕጣ ደግሞ ድሮ ወጥቷል። ዋስ ሆኖ የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ ዓመት ሙሉ ፊቱን አሳይቶ ስለማያውቅ ማንም ዋሴ ሁን ብሎት የማያውቅ ሰው። ሚሳኤል።

ከድጃና እኔ ተያየን። ያቺ የማትስቅ ሴት የዕቁቡ ደብተር ላይ ተደፍታ ሳቀች።

እኔ መሐላዬን አላፈረስኩም። አቦ ምስክሬ ነው፤ ለተናኘ ስለ ምትኩ፣ ለምትኩ ስለ ተናኘ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ለናዝሬት «ተራ ተለቆልሻል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነይና ተቀበይ» ብዬ ደወልኩ። ለሚሳኤል ደግሞ «አንድ አባል ዋስ አጥታለች፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ናና ፈርምላት፤ ያንተንም ነገር እንነጋገራለን» አልኩት። በቃ፣ ይኸው ነው ያደረግኩት።

ተናኘ በጓሮ በር ገብታ ስኳር ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ጎን መስኮቱ ተንኳኳ።

«እትዬ ማናዬ፣ ማናት ዋስ የምሆንላት?»

«ናዝሬት ትባላለች።»

«አላውቃትም እኮ!»

«ግባና እያት። በመስኮት አይፈረምም።»

በዋናው በር ዞሮ ገባ። ሚስቱን አየ። ሚስቱም አየችው።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለ።

«ጨው ልገዛ። አንተስ?»

«እኔም... ጨው።»

«ጨው አልቋል» አለች ከድጃ፣ እስክሪብቶዋን እየከፈተች። «ናዝሬት የተባልሽው ተቀባይ፣ ቅረቢ። ሚሳኤል የተባልከው ዋስ፣ አንተም ቅረብ።»

ያኔ ገባቸው። ተናኘ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ምትኩ ግድግዳውን ተደገፈ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ። ይሄ ነገር በሳቅ ባያልቅስ? እዚሁ ፊቴ ላይ ቢጣሉስ?

ተናኘ ቀና ስትል ዓይኗ ጫማው ላይ አረፈ። ተረከዙ በአንድ በኩል አልቆ እግሩ ወደ ውጭ ተጣሟል።

«ታክሲ ጠፋ እያልክ የምታመሸው...»

«በእግሬ ነው የምመጣው» አለ። «ከለቡ እዚህ ድረስ። የታክሲውን ለዕቁቡ።»

«ጓደኞችህስ? ካፌው?»

«ከሄድኩማ መክፈሌ አይቀርም። ቀረሁ።»

ተናኘ ከጆንያው ተነሳች። «እኔም ዓመቱን ሙሉ አንዲት ማንኪያ አልገዛሁም። ቡፌው ውስጥ የተጨመረ ነገር አይተሃል?»

ምትኩ አሰበ። «አላየሁም» አለ። «ማየት ትቼ ነበር።»

ሁለቱም ተለውጠው ነበር እኮ! እሷ እሱ አሁንም እንደሚበትን፣ እሱ እሷ አሁንም እንደምትገዛ እያሰቡ በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ቆጣቢ ሰዎች ተደባብቀው ከረሙ። እነሱ ላይ ስስቅ የከረምኩት እኔም አፈርኩ።

ከድጃ ግን ጉሮሮዋን ጠረገች። ለማንኛውም ዋስ የምትጠይቀውን ነው የጠየቀችው፤ አንድ ቃል አልጨመረችም፣ አንድ ቃል አልቀነሰችም።

«ይህች ሴት ገንዘቡን ወስዳ ባትጥል ከድርሻህ ይቆረጣል። በገንዘብ ታምናታለህ?»

ምትኩ ወደ ሚስቱ ዞረ። አንገቱ ላይ ላብ ሲወርድ አየሁ። ዓመት ሙሉ በጎን መስኮት የተንጠለጠለው በዚህች ጥያቄ ምክንያት ነው። ተናኘም ታየዋለች። ሰኞ የሚጠብቃቸው አራጣም፣ ወርቁም፣ ደብረ ብርሃን የቀረው ቤትም ያኔ ከፊቷ የጠፋ መሰለኝ፤ የምትጠብቀው ይችን መልስ ብቻ ነው።

እስክሪብቶውን ከከድጃ እጅ ወሰደ። ወረቀቱን አየና መልሶ ገፋው።

«እዚህ ላይ አልፈርምም» አለ።

ተናኘ ዓይኗን ጨፈነች።

«ናዝሬት የምትባል ሴት አላውቅም። ሰርዢውና ተናኘ ብለሽ ጻፊ። ለተናኘ እፈርማለሁ።»

ከድጃ፣ ያቺ ደንብ አጥባቂዋ ከድጃ፣ ስርዝ ድልዝ የማትወደው፣ ያለ አንዳች ንግግር ሰርዛ ጻፈች። ተናኘ እያለቀሰች ሳቀች። «የሱንም አስተካክይው» አለቻት። «ሚሳኤል የሚባል ባል የለኝም።»

እኔም አለቀስኩ። ካለቀስኩ በኋላ ግን ዱቤውን አነሳሁባቸው። ምን ይደረግ፣ ነጋዴ ነኝ። የለቡው ቅድሚያ ተቀንሶ ከተረፈው ላይ አብዛኛውን እዚያው ቆርጬ ወሰድኩ። ሰኞ ምትኩ ወደ አራጣ አበዳሪው ደውሎ ይቅርብኝ አለው። ወርቁም ከተናኘ ሳጥን ሳይወጣ ቀረ።

ባለፈው እሁድ አዲሱን ቤታችንን ይዩልን ብለው ጠሩኝ። ለቡ ሄድኩ። ቡፌው ግድግዳውን ይዞ ቆሟል፣ መስታወቱ ግን ክፍት ነው። ተናኘ ከዚያ ረጃጅም ብርጭቆዎች አንዱን አውጥታ ውኃ ቀዳችልኝ። እጄ ውስጥ እንዳይሰበር ብዬ እየተሳቀቅኩ ጠጣሁ። ማርቲ በሌላኛው ብርጭቆ ጭማቂ እየጠጣች ትሮጣለች፣ ማንም አልተቆጣትም። በዚህ ዙር የገቡት አንድ ዕጣ ነው፣ በሁለቱም ስም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሁለት አንዳቸው በዋናው በር ገብተው ይጥላሉ።

ሲመሽ ታክሲ ሊያሳፍሩኝ አብረውኝ ወጡ። «መካኒሳ አቦ! አቦ!» የሚል ሚኒባስ መጣ። ገብቼ ገና ሳልቀመጥ ምትኩ እጁን ኪሱ ከተተ። ተናኘ እጁን ያዘችው። ለቁጣዋ ተዘጋጀሁ።

«በሞቴ!» አለችው። «ዛሬ እኔ ነኝ የምከፍልላቸው።»

«አትከፍይም!»

«እከፍላለሁ አልኩህ፣ ልቀቀኝ!»

በመስኮቱ ብር የያዙ ሁለት እጆች ይታገላሉ። ተሳፋሪው ይስቃል። ረዳቱ ተሰላቸና «ኧረ ከሁለት አንዳችሁ ክፈሉና እንሂድ!» አለ። እኔ የራሴን አውጥቼ ይዤ ነበር። ሁለቱ እስኪስማሙ ድረስ አየኋቸውና ብሬን ቀስ ብዬ መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።